ከ160 ወደ 180፦ ሰባት ወር የፈጁብኝ 20 ቃላት

ባለፈው ማክሰኞ ምሽት በምማረው የችሎት ጸሐፊነት ሙያ፣ በደቂቃ 180 ቃላት ሲነበቡ እየሰሙ የሚጻፍበትን የጥያቄና መልስ ፈተና በ31 ስህተት አለፍኩ። ፈተናው አምስት ደቂቃ ስለሚፈጅ በጠቅላላው 900 ቃላት ይነበባሉ፤ ለማለፍ ከዚህ ውስጥ 95 በመቶው ትክክል መሆን ስላለበት የሚፈቀደው ስህተት 45 ብቻ ነው። ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሬ በቃሌ የያዝኩት ሰባት ወር ሙሉ ከእርሱ በላይ ስመላለስ ስለከረምኩ ነው፤ 61፣ 58፣ 52፣ ከዚያ ተመልሶ 70፣ በአንድ ክፉ ሳምንት ደግሞ 46። በአንዲት ስህተት የወደቅሁበትን ያንን ወረቀት አትሜ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለዘመዶቼ «የችሎት ጸሐፊነት እማራለሁ» ስላቸው አብዛኞቹ የሚታያቸው ሬጅስትራር ቤት ቁጭ ብሎ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ነው። እኔ የምማረው ሙያ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ውስጥ፣ እንዲሁም ከችሎት ውጭ በጠበቆች ቢሮ በሚካሄደውና ዲፖዚሽን በሚባለው የምስክር ቃል መቀበያ ላይ፣ ዳኛው፣ ጠበቆቹና ምስክሩ የሚናገሩትን እያንዳንዱን ቃል ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱና ሳያሳምሩ በተነገረበት ቅጽበት መጻፍ ነው። ይግባኝ የሚል ወገን በኋላ የሚይዘውና የሚሟገትበት ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ከቤተሰቡ ነገሩ ወዲያው የገባት አክስቴ ብቻ ነበረች፤ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ኮሜርስ ገብታ ሾርትሃንድና የጽሕፈት መኪና ስለተማረች በስልክ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «በደቂቃ ስንት ትመቻለሽ?» የሚል ሆነ። የዚያን ጊዜ 140 ላይ ነበርኩ። «አጋነንሽ» ብላ ወሬውን ለወጠችው።

አክስቴ አይፈረድባትም፤ በተለመደው የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ፍጥነት ነው። እኛ የምንጽፍበት ስቴኖታይፕ የሚባለው መሣሪያ፣ ዋርድ ስቶን አየርላንድ የተባለ አሜሪካዊ የችሎት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ሞዴል ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። 22 ቁልፎችና ከላያቸው የተጋደመ አንድ የቁጥር ዘንግ አለው፤ ቁልፎቹ ላይ ፊደል አልተጻፈባቸውም፤ ሲጫኗቸውም ድምፅ የላቸውም ለማለት ይቻላል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ዕለት «ይኼ ፒያኖ ድምፁ የት ሄደ?» አለችኝ፤ አባባሏም ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል፤ እንደ ፒያኖ ሁሉ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ይጫናልና። የግራ እጅ ጣቶች የቃሉን መነሻ ተነባቢ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች አናባቢውን፣ የቀኝ እጅ ጣቶች ደግሞ መድረሻውን ተነባቢ ይይዛሉ። «ናይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለመጻፍ ብንነሣ፣ በግራ በኩል የ«ኤን» ቁልፍ ስለሌለ «ቲ»፣ «ፒ» እና «ኤች» በሦስት ጣት አብረው ይጫናሉ፤ «አይ» የሚለው ድምፅ አራቱንም የአናባቢ ቁልፎች ስለሚፈልግ እያንዳንዱ አውራ ጣት ሁለት ሁለት ቁልፍ ይይዛል፤ በቀኝ በኩል አንድ ጣት «ቲ»ን ይጫናል። ስምንት ቁልፍ፣ ስድስት ጣት፣ አንድ ምት። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ያንን ምት ከመዝገበ ቃላቱ ፈልጎ ቃሉን ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል።

እዚህ ላይ በፊደላችን ማደጌ ያላሰብኩትን ጥቅም ሰጠኝ። አብረውኝ የጀመሩት ተማሪዎች ለብዙ ወራት የተቸገሩት የቃሉን አጻጻፍ ረስተው ድምፁን ብቻ ለመጻፍ ነበር፤ እጃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቃልን ፊደል በፊደል መቁጠር ለምዷል። ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት አስሮ «ካ» ብሎ ማንበብ ለተማረ ሰው ግን ቃልን በየክፍለ ቃሉ ቆርሶ በአንድ ምት ማውረድ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ከፊደላችን ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍ ላልቶ «ተናገረ» ማለት ይሁን ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ይሁን ምልክት አናደርግበትም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል ብለን እንተወዋለን። በስቴኖ እንዲህ ያለ መተማመን የለም። ሌሊት ማለት የሆነው «ናይት» እና የጥንቱን ፈረሰኛ ባላባት የሚያመለክተው «ናይት» የተለያየ ምት ካልተሰጣቸው፣ «በዚያ ሌሊት አየሁት» ያለውን ምስክር ሶፍትዌሩ «በዚያ ባላባት አየሁት» አሰኝቶ ያስቀምጠዋል። እኔም «ይረዱኛል» እያልኩ ያለፍኳቸውን ጥንድ ቃላት አንድ በአንድ ለይቼ እንደገና ለማጥናት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ከ60 እስከ 120 ስላለው መንገድ ብዙ የምለው የለም። የምቶቹን ሥርዓት፣ ማለትም ቲዮሪ የሚባለውን፣ ከጨረስኩ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ አንድ ደረጃ እወጣ ነበር። በየደረጃው ሦስት ዓይነት ንባብ አለ፤ አንደኛው እንደ ንግግር ወይም እንደ ድርሰት ያለ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ዳኛ ለጁሪ (ፍርድ ለመስጠት ለሚቀመጡት ተራ ዜጎች) የሚሰጠው የሕግ መመሪያ፣ ሦስተኛው ሁለት ድምፅ ያለበት የጠበቃና የምስክር ጥያቄና መልስ ነው። ሦስተኛውን እኔ በልቤ «ተጠየቅ» እለዋለሁ፤ የድሮውን ሙግታችንን ያስታውሰኛል። በአሜሪካ የብሔራዊው የችሎት ጸሐፊዎች ማኅበር የሚሰጠውን አርፒአር የተባለውን የሙያ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ለነዚህ ሦስት ክፍሎች በቅደም ተከተል 180፣ 200 እና 225 ቃላት በደቂቃ ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ፣ ሁሉም በ95 በመቶ። 225 ማለት በሰከንድ አራት ቃል ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ተስፋ ስቆርጥ የማስበው ማርክ ኪስሊንግበሪ የተባለውን ጸሐፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቂቃ 360 ቃላት ጽፎ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። እርሱን ሳስብ ተስፋዬ ይመለሳል ብዬ አልዋሽም፤ ግን የሰው ጣት ይህን ሁሉ መቻሉን ማወቅ ጣቶቼን ከመውቀስ አድኖኛል።

ምክንያቱም ችግሩ ጣቴ ላይ አልነበረም። 160ን አልፌ የ180 ልምምድ ስጀምር እንደማንኛውም ተማሪ የጣት ፍጥነት ያነሰኝ መስሎኝ ሜትሮኖም (ፍጥነት የሚመታ መቁጠሪያ) ከፍቼ የጣት ልምምድ ብቻ ስሠራ ከረምኩ። በኋላ የወደቅሁባቸውን ስድስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ ቀይ ምልክቶቹ የት የት እንደተሰበሰቡ ሳይ ስህተቶቹ እንደ ጭቃ ጠብታ የተበታተኑ አልነበሩም፤ በየቦታው ስድስት፣ ሰባት ሆነው ተከምረዋል። የየክምሩን መጀመሪያ ቃል ለይቼ ስጽፍ ያው ጥቂት ቃላት ተመላልሰው መጡ፤ ከሁሉም በላይ «ካን» እና «ካንት»። አንደኛው «እችላለሁ» ነው፤ ሌላው «አልችልም»። በምስክር ቃል ውስጥ ይህንን ማሳሳት ማለት ነገሩን ሁሉ መገልበጥ ስለሆነ ቃሉ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ መጨረሻ ላይ የምትመጣውን «ት» ይጠብቅ ነበር። አሜሪካኖች ግን ሲፈጥኑ ያችን «ት» ይውጧታል፤ እኔም ያልመጣችውን ስጠብቅ ሌላው ዐረፍተ ነገር ሄዷል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከራሳችን ፊደል ነው። እዚህ አገር ተወልደው ያደጉት የክፍል ጓደኞቼ «ት»ን እንደማይጠብቁ፣ የሚለዩት በአናባቢው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ግን እንዴት እንደሚሰሙት ሊያስረዱኝ አልቻሉም። ቅጂውን በዝግታ አጫውቼ በአማርኛ ፊደል ስጽፈው ተገለጠልኝ፦ ሰውየው «እችላለሁ» ሲል የሚለው «ክን» ነው፣ ሳድስ፤ «አልችልም» ሲል ደግሞ የ«ት» ድምፅ ኖረም አልኖረ «ካን» ይላል፣ ራብዕ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በጣት እየተጠቆምኩ ያነበብኩት ልዩነት ማለት ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የመጨረሻዋን ድምፅ መጠበቅ ተውኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ፈተና ላይ አሥር ያህል ስህተት ረገፈ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ ማለትም 15 እና 50፣ በተመሳሳይ መንገድ ተፈቱ፤ ጆሮዬን መጨረሻው ላይ ካለው «ን» አንሥቼ ድምፁ የሚጠነክርበት ክፍል ላይ አደረግሁት።

በነገራችን ላይ በዚህ ትምህርት ውስጥ እኔ ከክፍሉ የምቀድምበት አንድ ቦታ አለ። ምስክር ሆኖ የሚያነበው ሰው የውጭ አገር ሰው አነጋገር ሲኖረው፣ የሕንድ ይሁን የናይጄሪያ ወይም የኤል ሳልቫዶር፣ ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ግን ዘና እላለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለአራት ዓመት የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው በየአነጋገሩ ሰው ሲያስረዳና ሲቆጣ ሰምቷል።

ስለ አኅጽሮት ምቶች ደግሞ ከብዙዎች የተለየ አስተያየት አለኝ። አንድን ሐረግ በሙሉ በአንድ ምት መጻፍ ይቻላል፤ «ያስታውሳሉ?»፣ «አላውቅም»፣ «የጁሪ አባላት ክቡራትና ክቡራን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ሐረጎች እያንዳንዳቸው አንድ ምት ብቻ ናቸው። ከፍጥነት ግድግዳ የሚያወጣው እነዚህን በሺህ መሸምደድ ነው የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ስለመጣልኝ ለሁለት ወር በየቀኑ ሃያ ሃያ እያጠናሁ ስህተቴን ከ52 ወደ 70 አሳደግሁት። ምቱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ሐረጉ ሲመጣ «አኅጽሮቱ የቱ ነበር?» ብሎ ማሰብ ራሱ ሐረጉን በረጅሙ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በመጨረሻ በጥያቄና መልስ ውስጥ ዘወትር የሚደጋገሙትን ስልሳ ያህል አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩት። ሐረጉ ሲሰማ ጣቱ ሳይጠየቅ የሚወርድለት ሰው ሺህም ይያዝ፤ እኔ እዚያ አልደረስኩም።

ያቺ የ46 ወረቀት የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መምህሬን አንድ ነጥብ እንዲምሩኝ አልለመንኳቸውም፤ ለማለት ግን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው፣ ለረጅም ዓመታት በችሎት የሠሩ ሴት ናቸው፣ ስጽፍ እጆቼን በቪዲዮ ቀርጬ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ከተመለከቱት በኋላ የነገሩኝ ስለ ጣቶቼ አልነበረም። «ቃል ሲያመልጥሽ እጅሽ ከቁልፉ ላይ ይነሣል» አሉኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጠበቃው ስለ አንድ መኪና ሰሌዳ ሲጠይቅ አንድ ፊደል አመለጠኝ፤ ወዲያው ሁለቱም እጆቼ እንደተቃጠለ ሰው ከፍ ብለው አየር ላይ ቆሙ፤ ከንፈሬም ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የጠፋውን ፊደል እያስታወስኩ ነበር። ሰዓቱን ለካሁት፤ ሁለት ሰከንድ ከግማሽ። በዚያ ፍጥነት በሰከንድ ሦስት ቃል ስለሚያልፍ አንዲት ፊደል ለማዳን ብዬ ሰባት ቃል አስወስጃለሁ ማለት ነው። ለአንድ ለወደቀ ቃል ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ የቆሙት ሁሉ ትተውኝ ይሄዱ ነበር።

መተውን መለማመድ ግን ከመናገሩ ይከብዳል፤ እንኳንስ እኔ የነገርን መጨረሻ ካላገኘሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ። መምህሬ የሰጡኝ ልምምድ በጣም ቀላልና በጣም የሚያናድድ ነበር፦ የ220ን ንባብ ለአንድ ደቂቃ ብቻ መክፈት፣ እጅን ከቁልፍ ላይ በጭራሽ አለማንሣት፣ የተያዘውን መያዝ፣ ያመለጠውን መተው፣ ከዚያም ሳያርሙ ወደ 180 መመለስ። በ220 ማንም በእኔ ደረጃ ያለ ሰው ሁሉንም ሊይዝ ስለማይችል መጣል የግድ ይሆናል፤ እጅም ጥሎ መሄድን ይለምዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሎቢው ጭር ሲል፣ ከአለቃዬ ፈቃድ ስላለኝ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ አድርጌ ይህንኑ እመላልስ ነበር። የመሣሪያው ዝምታ የጠቀመኝ እዚህ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ሌሊት ከ220 ወደ 180 ስመለስ አንባቢው የደከመው መሰለኝ፤ ፋይል ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሁለቴ አረጋገጥኩ። አልተሳሳትኩም፤ 180 ነበር።

ዘመዶቼ ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። እወዳቸዋለሁ፤ ግን በደቂቃ 180 ቃል ለሚነበብለት ሰው ቀስ በል እንደማለት የሚያበሳጭ ነገር የለም። ደግሞም ነገሩ ቀስ በቀስ አልሄደም። ለወራት ቆሞ ቆይቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተስፈነጠረ፦ 46፣ 49፣ 44 (ይህኛው አለፈ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሁለት ማለፊያ ስለሚጠይቅ ገና ነበርኩ)፣ 50፣ ከዚያ 31።

በእነዚያ ወራት የሠራኋት አንዲት ቀልድ ቢጤ ነገር አለች። አንድ ቅዳሜ እናቴ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ መሣሪያውን ከፍቼ ንግግሯን በድምፁ ብቻ ለመጻፍ ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ድምፆች የተሠራው ሰሌዳ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» አይለይም፤ ሶፍትዌሩም የእንግሊዝኛ ቃል እየፈለገ ስክሪኑን በማይረባ ነገር ሞላው። ጥሬ ምቶቹን ግን ማንበብ ስለምችል ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ የችሎት ጸሐፊ «መልሰሽ አንብቢ» ስትባል እንደምታደርገው፣ ድምፄን ሳልለዋውጥ አነበብኩላት። ስለ አንድ ዘመዳችን ሠርግ የተናገረችውን፣ «እኔ ምን አገባኝ» ካለች በኋላ ለስምንት ደቂቃ ያገባትን ሁሉ፣ ማመንታቷንና «እንደው» የምትለዋን ሳይቀር። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «እንዲህ አላልኩም» አለች። ቀጥላ «ብልስ፣ እንዲህ አድርጌ አላልኩትም» አለች። ምስክሮችም ቃላቸው ሲነበብላቸው ይህንኑ ይላሉ ብለው መምህሬ ሲስቁ ነበር።

ትናንት ሌሊት የመጀመሪያዬን የ200 ፈተና ሞከርኩ። 1,000 ቃላት ናቸው፤ የሚፈቀደው ስህተት 50 ነው፤ የእኔ 112 ሆነ። ከ112ቱ ወደ ሠላሳ የሚጠጉት አንድ ቦታ ላይ ተከምረዋል፤ ምስክሩ የቤቱን አድራሻ፣ የአፓርታማውን ቁጥርና የገባበትን ቀን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ እጄ አልተነሣም። ስለዚህ ይኼኛው ለቅሶ አይደለም፤ ከላይ የተጋደመውን የቁጥር ዘንግ ነው የማላውቀው። ሐሙስ ሌሊት ፈረቃ አለኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምከፍተው የቁጥር ልምምድ ብቻ ይሆናል።